የሙዚቃ ሲዲ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፦ ጥራቱ ሳይጎድል፣ ስሙም በአማርኛ ሆኖ

ሰናይት_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ 150 የሚጠጉ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ሙዚቃ ሲዲዎች አሉኝ። ገሚሶቹ ከአዲስ አበባ፣ ገሚሶቹ እዚሁ ከሐበሻ ሱቅ የተገዙ ናቸው። ሁሉንም ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ በስልክና በመኪና ማዳመጥ እፈልጋለሁ።

ሲዲውን ስከፍተው ትራክ 01፣ ትራክ 02 የሚሉ 1 ኪሎባይት የሆኑ ፋይሎች ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ፍላሽ ላይ ኮፒ ሲደረጉም አይጫወቱም። ለምንድነው? ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ የዩኤስቢ ድራይቭ ስገዛ ምን ምን ልይ? የተጫጫሩ ሲዲዎችም አሉ፤ በተለይ መጨረሻ ላይ ያሉት ዘፈኖች ይዘላሉ። ኤምፒ3 ነው ወይስ ድምፁን ሳያጎድል የሚጨምቀው ፍላክ የሚሻለው? ስሞቹንስ በራሳችን ፊደል ማድረግ ይቻላል? አንዳንዱ ሲዲ ሲገባ ጭራሽ የማይገናኝ የፈረንጅ አልበም ስም ነው የሚያመጣው። የምጠቀመው ዊንዶውስ 11 ነው።


ገልባጩ

ሰናይት እህቴ፣ ከ1 ኪሎባይቷ ልጀምር። እነዚያ ሲዲኤ የሚባሉ ፋይሎች ሙዚቃ የላቸውም። የእያንዳንዳቸው ትክክለኛ መጠን 44 ባይት ነው፤ ውስጣቸው ያለው «ይህ ትራክ ከዚህ ቦታ ይጀምራል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» የሚል አድራሻ ብቻ ነው። እንዲያውም ሲዲው ላይም የሉም፤ ዊንዶውስ የዲስኩን ማውጫ አንብቦ ራሱ የሚፈጥራቸው ናቸው። የሙዚቃ ሲዲ ፋይልም ፎልደርም የለውም። ሶኒና ፊሊፕስ በ1980 ባወጡት ደረጃ መሠረት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ሆኖ፣ ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር በሚዞር አንድ ረጅም መስመር ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ኮፒ ፔስት አይሠራም። መስመሩን አንብቦ ፋይል የሚያደርግልሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ዳታ ሲዲ ላይ አንድ ሴክተር 2,352 ባይት ሆኖ ለፋይሉ የሚውለው 2,048ቱ ነው፤ የቀረው ለአድራሻና ለተጨማሪ ስህተት ማረሚያ ይሄዳል። የሙዚቃ ሲዲ ላይ 2,352ቱም ድምፅ ነው። ሁለቱም የሚጋሩት የመጀመሪያ ደረጃ ማረሚያ ስላለ ትንንሹን ጭረት እሱ ይሸፍነዋል። ጉዳቱ ከእሱ አቅም በላይ ሲሆን ግን ድራይቩ ከፊትና ከኋላ ያለውን ድምፅ አይቶ የጎደለውን በግምት ይሞላና ዝም ብሎ ያልፋል። ዘፈኑ ተገልብጦ ያልቃል፣ «ስህተት አለ» የሚል መልእክት አይመጣም፤ ከወራት በኋላ ግን ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ጧ» የሚል ነገር ትሰሚያለሽ። ስለዚህ የምትመርጪው ፕሮግራም ያነበበውን መልሶ የሚያጣራ መሆን አለበት።

ለዊንዶውስ ኢግዛክት ኦዲዮ ኮፒ፣ ባጭሩ ኢኤሲ የሚባለውን አውርጂ፤ ለግል መጠቀሚያ ነፃ ነው። እያንዳንዱን ሴክተር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ያንኑ ቦታ 16 ጊዜ ደጋግሞ ያነብና 8ቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ይቀበላል፤ አለዚያ ሌላ 16 ይጨምራል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ከተደረገ አንድ ክፉ ቦታ እስከ 82 ጊዜ ሊነበብ ይችላል። የዊንዶውስ 11 ሚዲያ ፕሌየርም ሲዲ ይገለብጣል፣ ወደ ፍላክም ያወጣል። ለአዲስ ሲዲ ይበቃል፤ የጎደለ ነገር ቢኖር ግን አይነግርሽም።

ኢኤሲን ስትጭኚ አብሮት የፍላክ መጭመቂያው ይመጣል፤ ምልክቱን አታንሺበት። መጀመሪያ ሲከፈት ድራይቭሽን ይፈትሻል፤ በዚያን ጊዜ ምንም ጭረት የሌለው ሲዲ ውስጡ ይኑር። ከዚያ ድራይቭ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ ሴኪዩር ሞድ መመረጡን እዪ። «አኩሬት ስትሪም» ምልክት ይኑረው። «ድራይቭ ካሽስ ኦዲዮ ዳታ» የሚለውም እንዲሁ፦ ድራይቩ ያነበበውን ለጊዜው በራሱ ሚሞሪ ስለሚይዝ ሁለተኛው ንባብ ከዲስኩ ሳይሆን ከሚሞሪው ሊመጣ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ መመሳሰላቸው ምንም አያረጋግጥም። «ሲ2» የሚለውን ባዶ ተዪው። ስህተቱን ድራይቩ ራሱ እንዲናገር መተው ነው፣ ሁሉም ድራይቭ ደግሞ እውነቱን አይናገርም። ኖርማላይዝ የሚል ነገር ካየሽ አትንኪው፤ የድምፁን ከፍታ ስለሚለውጠው የምታገኚው ቅጂ ከዲስኩ ጋር አንድ መሆኑ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሐበሻ ሲዲዎቹ በፊት አድርጊ። በአቅራቢያሽ ካለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ በብዛት የተሸጠ የፈረንጅ ሲዲ ተዋሺና አስገቢ። አኩሬት ሪፕ የሚባለው የመረጃ ቋት ያንን ሲዲ ለይቶ ድራይቭሽ ስንት ናሙና እንደሚዘገይ ወይም እንደሚቀድም ይነግረዋል፤ ኦፍሴት ይሉታል። ብዙ የኤልጂና የአሱስ ድራይቮች 6፣ አንዳንድ የፓዮኒር ድራይቮች 667 ናቸው። 667 ናሙና 15 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ በጆሮ አይለይም። ጥቅሙ ማነፃፀሪያ ነው፤ ኦፍሴቱ ካልተስተካከለ ያንቺን ቅጂ ሌሎች ሰዎች ካወጡት ጋር ማመሳከር አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሲዲውን አስገቢ፣ ስሞቹን ጻፊ፣ በኤፍ4 የትራኮቹን ክፍተት አስለኪው፣ ሁሉንም ምረጪና ሺፍት ይዘሽ ኤፍ6 ተጫኚ። ይህ ቴስት ኤንድ ኮፒ ነው፤ እያንዳንዱን ትራክ አንዴ ለሙከራ፣ አንዴ ለመገልበጥ አንብቦ ሁለቱን ያወዳድራል፣ ወደ ፍላክም ይለውጣል። ለንጹሕ ሲዲ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ። የሚወጣውን ሪፖርት ከዘፈኖቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪው።


መርካቶ_ጥገና

ስለ ድራይቩ ልጨምር። ቀጫጭኖቹ የዩኤስቢ ዲቪዲ ራይተሮች ሁሉም ሲዲ ያነባሉ፤ ውድ አያስፈልግሽም። ራስ ምታቱ ኃይል ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ሞተሩ ሲነሳ ከ500 በላይ የሚስብ ድራይቭ ብዙ ነው። ምልክቱ ይታወቃል፦ ዲስኩ ዞሮ ዞሮ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፣ ወይም ድራይቩ ከኮምፒውተሩ ላይ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ሰው ይሄኔ ሲዲውን ይጥላል። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ ላይ አትሰኪው፣ ማራዘሚያም አትጠቀሚ፤ ሁለት ራስ ያለው ገመድ አብሮት ከመጣ ሁለቱንም ሰኪ። አሮጌ ዴስክቶፕ የምታገኚ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው ትልቁ ድራይቭ ለተጫጫረ ሲዲ የተሻለ ዕድል ይሰጥሻል፤ ሁለት የተለያዩ ድራይቮች መኖራቸው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አንዱ እምቢ ያለውን ዲስክ ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።

መጨረሻ ላይ ያሉት ዘፈኖች የሚዘሉት ሲዲ ከመሃል ወደ ዳር ስለሚነበብ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ያለው ጣት በሚይዘው፣ ከማስቀመጫው ስናወጣውና ስናስገባው በሚፋቀው ዳር ላይ ነው። ስለዚህ ገና «ተበላሽቷል» ከማለትሽ በፊት እጠቢው። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በጣትሽ ጫፍ ቀስ አድርገሽ፣ ከዚያ አለቅልቂና በመነጽር ማጽጃ ጨርቅ አድርቂው። አጠራረጉ ከመሃሉ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ዳር ነው፣ ዙሪያውን አይደለም። ማረሚያው መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ይችላል፤ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ብዙ ተከታታይ መረጃ ስለሚያጠፋ አይችለውም። በሶፍት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በሸሚዝ እጅጌ አትጥረጊ። አሴቶንና ቲነር ፕላስቲኩን ይበሉታል፤ የቅባት እድፍ ካለ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል።

የታችኛው ጎን ጭረት ካልጠለቀ አያስፈራም፤ ፕላስቲኩ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ሌዘሩም የሚያተኩረው ከሱ በስተጀርባ ነው። የሚያስፈራው ጽሑፍ ያለበት ጎን ነው። መረጃውን የያዘው የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ያለው ከጽሑፉ ሥር፣ በስሱ ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ ነው። ዲስኩን ወደ አምፖል አንስተሽ እዪው፤ ብርሃን ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚያልፍበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ያለው ድምፅ የለም፣ ማጽጃም ማስፋቂያም አይመልሰውም። የወረቀት ስቲከር የተለጠፈበትን ደግሞ ለመላጥ እንዳትሞክሪ፤ ንጣፉን ይዞ ይነሳል። ሚዛኑ ስለሚዛባ እንዲህ ዓይነቱን በዝቅተኛ ፍጥነት ማንበብ ነው።


ዜማ_በፍላክ

መርካቶ ያለው ልክ ነው፤ በፍጥነቱ ላይ ብቻ ትንሽ እለያለሁ። «ፍጥነቱን በቀነስሽ ቁጥር ይሻላል» የሚል ምክር በየቦታው ታነቢያለሽ። ሁልጊዜ አይሠራም። 4 እጥፍ ላይ የባሰ የሚያነብ፣ 8 ወይም 16 ላይ የሚረጋጋ ድራይቭ አለ። መጀመሪያ እንዳለ ተዪው፤ ችግር ያሳየውን ትራክ ብቻ በ8፣ ካልሆነ በ4 ሞክሪው።

ስለ ቅርጸቱ፦ ፍላክ። ስለ ጆሮ ጥራት ክርክር አልገባም። ምክንያቴ 150 ሲዲ ሁለት ጊዜ የሚገለብጥ ሰው የለም የሚል ነው። ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ያህል ነው፤ የ60 ደቂቃ አልበም 635 ሜጋባይት ይሆናል። ፍላክ አንዲት ቢት ሳያጎድል እንደየሙዚቃው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ያወርደዋል። አልበሙን በ400 ሜጋባይት ብናስብ እንኳ 150ው 60 ጊጋባይት ነው፤ ዛሬ አንድ 64 ጊጋ ፍላሽ ማለት ነው። ከፍላክ ወደ ኤምፒ3 በፈለግሽ ቀን አንድ ሌሊት ውስጥ ሁሉንም መለወጥ ትችያለሽ። ከኤምፒ3 ወደ ፍላክ መለወጥ ግን የፋይሉን መጠን ማሳበጥ ብቻ ነው፤ የተጣለው አይመለስም። የፍላክ መጭመቂያ ከ0 እስከ 8 ደረጃ አለው፤ ድምፁ በሁሉም ያው ነው፣ የሚለየው መጠኑና የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ 5 ላይ ተዪው። ያልተጨመቀውን ዌቭ አልመክርም፤ የዘፋኝና የዘፈን ስም አያያዙ አስተማማኝ አይደለም።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። ከመንገድ ላይ የተገዛ ሲዲ ሁሉ የፋብሪካ ሲዲ አይደለም። ታችኛው ጎኑ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚመስል ከሆነ በኮምፒውተር የተቃጠለ ሲዲ አር ነው፣ ከኤምፒ3 ተመልሶ የተቃጠለም ሊሆን ይችላል። እሱን ወደ ፍላክ ማውጣት ኤምፒ3ን በትልቅ ሳጥን ማስቀመጥ ነው። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ስትጎትቺበት የድምፁን ሥዕል ያሳይሻል። 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ካየሽ ምንጩ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ጠርጥሪ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የድሮ ዘፈኖች ከካሴት ወይም ከሸክላ ወደ ሲዲ የተዛወሩ በመሆናቸው ከፍተኛው ድምፅ መጀመሪያውኑ የላቸውም። የካሴቱ ግን ቀስ እያለ እየደበዘዘ ነው የሚጠፋው፣ በአንድ መስመር አይቆረጥም።


ሰናይት_ሜሪላንድ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ድራይቩ ደርሶኛል፣ ኢኤሲንም እንደተባለው አስተካክዬ ጀምሬያለሁ። አንድ ባለ 12 ዘፈን ሲዲ ላይ ሪፖርቱ ከ1 እስከ 10 ያሉት ትራኮች ጥራት 100 በመቶ፣ የቴስቱና የኮፒው ሲአርሲ (ከድምፁ የሚሰላው ማነፃፀሪያ ቁጥር) አንድ ዓይነት ነው ይላል። 11ኛው 99.8 በመቶ ነው፣ ሲአርሲው ግን ይመሳሰላል። 12ኛው 97.1 በመቶ ሆኖ ሲአርሲው ይለያያል፣ «ሰስፒሸስ ፖዚሽን» (አጠራጣሪ ቦታ) ብሎም ሁለት ቦታ ጽፏል። ሁሉም ላይ ደግሞ አኩሬት ሪፕ ውስጥ የለም ይላል። የትኛውን ልመን?


ገልባጩ

ከ1 እስከ 10 ጨርሰሻል። 11ኛውም ደህና ነው፤ 100 ያልሞላው ደጋግሞ ማንበብ ስላስፈለገው ነው እንጂ ስለጎደለ አይደለም። ሁለቱ ሲአርሲ ከተመሳሰሉና አጠራጣሪ ቦታ ካልተጻፈ ተቀበዪው። የጥራት መቶኛው ድራይቩ ምን ያህል እንደለፋ ነው የሚናገረው። ሰዎች 99.9 አይተው ሲዲ ሲጥሉ አያለሁ።

12ኛው ገና ነው። የተጻፈውን ደቂቃና ሰከንድ ይዘሽ እዚያ ቦታ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። ከዚያ ዲስኩን አውጥተሽ እጠቢ፣ ያንን ትራክ ብቻ በ8 እጥፍ ድገሚ። በሌላ ድራይቭ ሞክሪ። ከብዙ ሙከራ መካከል ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲአርሲ ከሰጡ፣ በተለይ ከሁለት የተለያዩ ድራይቮች ከሆነ፣ እሱን ያዢ፤ የሁለቱም ኦፍሴት የተስተካከለ መሆን አለበት፣ አለዚያ ያው ድምፅ ሆኖ ሲአርሲው ይለያያል። ድራይቩ ሰዓታት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲታገል ግን አትጠብቂው፤ አቋርጪ፣ ይቀዝቅዝ። የሞቀ ሌዘር የባሰ ይሳሳታል።

አኩሬት ሪፕ ውስጥ አለመኖሩ ጥፋት አይደለም። ቋቱ የሚሞላው ያንኑ ሲዲ የገለበጡ ሰዎች በላኩት ውጤት ነው፤ ከሐበሻ ሱቅ ውጭ ያልተሸጠ ሲዲ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ሲዲው የሚለየው በትራኮቹ ብዛትና መነሻ ቦታ ነው። ስለዚህ ዋናው ቢኖር እንኳ አንድ ሰው ሲያቃጥለው በየዘፈኑ መሃል 2 ሰከንድ ከጨመረ ሌላ ሲዲ ሆኖ ይቆጠራል። ሲገኝ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌሎች ሰዎች ድራይቭ ጋር ተመሳከረ ማለት ስለሆነ ከቴስትና ኮፒ ይበልጣል። ኩቱልስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የራሱ ቋት አለው፤ ሲዲው እዚያ ካለና ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ የጎደለውን ናሙና አስልቶ ይጠግናል። ውጭ አገር በብዛት ለተሸጡት ሞክሪው።


ፊደል_ለቃሚ

ስለ ስሞቹ እኔ ልመልስ፤ ከመገልበጡ ይልቅ ጊዜ የሚፈጀው ይሄ ነው።

የፈረንጁ አልበም የሚመጣው ፍሪዲቢ በሚባለው የድሮ የሲዲ ስሞች ቋት አሠራር ነው። ፍሪዲቢ ራሱ በ2020 ተዘግቷል፤ ተተኪዎቹ ግን ያንኑ መለያ ይጠቀማሉ። መለያው በትራኮች ብዛትና በሰከንድ በተለካ ርዝመት ብቻ የሚሰላ አጭር ቁጥር ስለሆነ ሁለት ፍጹም የማይገናኙ አልበሞች አንድ ቁጥር ሊደርሳቸው ይችላል። ሙዚክ ብሬይንዝ የሚባለው ቋት በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ያም ሆኖ የእኛ ሲዲ ቢገኝም በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ እንደመሰለው ጽፎት ነው። የሽፋኑን ወረቀት ይዘሽ ራስሽ ጻፊው። የዊንዶውስ 11 ቋንቋ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛ ስትጨምሪ የፊደል ሰሌዳው አብሮ ይመጣል።

ፍላክ ስሞችን በዩኒኮድ ስለሚይዝ ፊደላችን ያለ ችግር ይቀመጣል። ጣጣው ኤምፒ3 ላይ ነው። ኤምፒ3 ስሞቹ የሚጻፉበት ሁለት ዓይነት መለያ ሊይዝ ይችላል፤ አሮጌው 30 የላቲን ሆሄ ብቻ የሚችል ስለሆነ ፊደላችንን ጥያቄ ምልክት ያደርገዋል፣ አንዳንድ ማጫወቻ ደግሞ ቀድሞ የሚያነበው እሱን ነው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ማስተካከያ ውስጥ አሮጌው እንዳይጻፍ አድርጊ፣ አዲሱ ደግሞ ዕትም 2.3 በዩቲኤፍ 16 ይሁን። ከ2.4 ይልቅ 2.3ን ብዙ መሣሪያ ያነበዋል።

በእኛ ሙዚቃ ላይ የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። ዓመቱ አንዱ ነው። ሽፋኑ ላይ 1995 ዓ.ም. የሚል አልበም እንዳለ ከተጻፈ ሁሉም ፕሮግራም የፈረንጅ 1995 ብሎ ይወስደዋል፤ እውነቱ 2002 ወይም 2003 ነው። በዓመት ቦታ የፈረንጁን፣ በማስታወሻው ቦታ የእኛን ጻፊ፣ አትቀላቅዪ። ሌላው የፊደል ምርጫ ነው። «ፀሐይ» ብለሽ የጻፍሽውን «ጸሀይ» ብለሽ ብትፈልጊ ስልኩ አያገኘውም፤ ለሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ዘሮች አንድ አጻጻፍ ወስነሽ በሁሉም ላይ ያዢ፣ በተለይ በዘፋኞች ስም። አለዚያ አንዱ ድምፃዊ ሁለት ሰው ሆኖ ይደረደራል። ስምና የአባት ስምን የሚያገላብጥ ፕሮግራምም አለ፤ ለመደርደሪያ የሚል ቦታ ካለ እዚያም ስሙን እንዳለ ድገሚው፣ በአባት ስም እንዳይደረድረው።

የበዓልና የሠርግ ስብስቦች ላይ እያንዳንዱ ዘፈን የተለያየ ዘፋኝ ስላለው አንዱ ሲዲ 12 አልበም ሆኖ ይበታተናል። መፍትሔው የአልበም አርቲስት በሚለው ቦታ ሁሉም ላይ «ልዩ ልዩ ድምፃውያን» ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ከተጻፈ አትዝለዪው፤ ለዜማ ደራሲ፣ ለግጥም ጸሐፊና ለአቀናባሪ የተለያየ ቦታ አለ። የአንድ አቀናባሪ ሥራዎችን በሙሉ በአንድ ፍለጋ ማውጣት ትችያለሽ፤ ይህን የሚሰጥሽ ሌላ ቦታ ብዙ የለም። ወረቀቱንም ሁለቱንም ገጽ በ300 ዲፒአይ ስካን አድርገሽ እዚያው ፎልደር ውስጥ ጣዪው።

የፋይል ስም ላይ ትራኩን በሁለት አሃዝ ጀምሪ፣ 01፣ 02 እያልሽ፤ አለዚያ አንዳንድ ማጫወቻ ላይ 10ኛው ከ2ኛው በፊት ይመጣል። ስሙን አታርዝሚው። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ይወስዳል፣ አንድሮይድና ሊኑክስ ለፋይል ስም በአብዛኛው የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው፤ 85 ፊደል ላይ ያልቃል።

መኪና ላይ ፊደላችን አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ቢታይ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ሬዲዮው ፎንቱ ስለሌለው ነው፣ ማስተካከያም አይኖረውም። ለመኪና ለብቻው አንድ ፍላሽ በኤምፒ3፣ በላቲን ስም፣ በፋት32 ፎርማት አዘጋጂ። ብዙ የመኪና ሬዲዮ ኤንቲኤፍኤስ አያነብም፣ ፍላክ የማያውቅም አለ።


ሸገር_ቪሲዲ

አንድ ነገር ተረሳ። ከ150ው ውስጥ ኢኤሲ የማያውቃቸው ይኖራሉ። ዲስኩን ስትከፍቺ በቀጥታ የኤምፒ3 ፋይሎች፣ መቶም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ከታዩሽ ዳታ ሲዲ ነው፤ ጎትተሽ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ኤምፔግ ኤቪ የሚል ፎልደርና ውስጡ ትልልቅ የዳት ፋይሎች ካሉ ደግሞ ቪሲዲ፣ ማለትም የቪዲዮ ሲዲ ነው። ክሊፖቹ እነሱ ናቸው፣ ቪኤልሲ በቀጥታ ይከፍታቸዋል። የቪሲዲ ድምፅ በ224 ኪሎቢት ኤምፒ2 የተጨመቀ ስለሆነ ወደ ኤምፒ3 እንደገና አትጨምቂው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ፕሮግራም ሳይነካ እንዳለ መነጠል ይቻላል። ኮፒው መሃል ላይ ከቆመብሽ ዊንዶውስ ሙሉውን ፋይል ይጥለዋል። ቪሲዲ የቪዲዮ ሴክተሮቹ ላይ ያ ገልባጩ ያለው ተጨማሪ ማረሚያ ስለሌለው ትንሽ ጭረት ይበቃዋል፤ አይሶባስተር የተሳሳተውን ዘሎ የቀረውን ያወጣል።


አዲስ_ማክ

ማክ የምትጠቀሙ ኤክስኤልዲን ውሰዱ፤ የኢኤሲን ሥራ ይሠራል፣ አኩሬት ሪፕም ያመሳክራል። ሊኑክስ ላይ ዊፐር አለ። ፍሪ ኤሲ ሦስቱም ላይ ይሠራል።

ሰናይት፣ ከጨረስሽ በኋላ ቴሌግራም ላይ ብታካፍዪን ጥሩ ነበር።


ዜማ_በፍላክ

ማካፈሉ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አዲስ። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለታተመ ሥራ ግለሰብ ለራሱ የሚያወጣውን ነጠላ ቅጂ ይፈቅዳል፤ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን የባለመብቱ ነው። ሰናይት ያለችበት አገር ሕግም ቴሌግራም ላይ ማሰራጨትን አይፈቅድላትም።

ሰናይት፣ ስለ ቅደም ተከተል፦ የሲዲ አሮቹን አስቀድሚ። የፋብሪካው መረጃ ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ የገባ ነው፤ የሲዲ አሩ በቀለም ላይ የተቃጠለ ስለሆነ በብርሃንና በሙቀት ይጠፋል፣ መኪና ውስጥ የከረመው በተለይ። ከእነሱ ቀጥሎ የትም ዳግመኛ የማይሸጡትን አስገቢ፤ ስትሪሚንግ ላይ ያሉት መጨረሻ ይሁኑ። ሁሉም ሲያልቅ ፍላኮቹን ሁለት የተለያየ ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ፍላክ ፋይል የድምፁን መለያ ቁጥር ውስጡ ይዞ ስለሚዞር ፉባር 2000 በሚባለው ማጫወቻ ላይ ሁሉንም መርጠሽ ማረጋገጫውን ስታስኬጂ የተበላሸውን ነቅሶ ያሳይሻል፤ በዓመት አንድ ጊዜ እሱን አስኪጂ፣ የተበላሸ ካገኘሽ ከሁለተኛው ዲስክ መልሺ።


ሰናይት_ሜሪላንድ

12ኛው ትራክ ከታጠበ በኋላ በሌላ ድራይቭ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሲአርሲ ሰጥቷል። ሲዲ አሮቹን ለይቼ አውጥቻለሁ፣ 31 ናቸው። አንዱ ታችኛው ጎኑ ወርቃማ ነው፤ እሱስ ሲዲ አር ነው?


መርካቶ_ጥገና

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። የዲስኩ መልክ የሚመጣው መረጃው ከሚቃጠልበት ቀለም ዓይነትና ከጀርባው ካለው ብረት ነው፤ የወርቃማው ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድሜ አለው። እሱን ከ31ዱ መጨረሻ አድርጊው።